ኮሎኒያችሁን የሚገድለው ሙቀት ነው፦ «ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ» ውስጥ ሙቀትና ብርድ እንዴት ይሠራሉ?

«ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ» የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ጀምሮ የተወ ሰው ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ አግኝታችሁ ለምን እንደተወው ብትጠይቁት፣ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ምግብ አለቀ።» አየር ነበረ። ውሃ ነበረ። መብራትም ነበረ። እርሻው ግን በሆነ ምክንያት ማደግ አቆመ፣ ሰዎቹ ተራቡ፣ በቃ አበቃ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ያነሰ እርሻ ተክሏል ብሎ ራሱ ላይ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ሲጀምር እጥፍ ይተክላል፣ ያም ይቆማል። ችግሩ የእርሻው ብዛት አይደለም። ያንን ኮሎኒ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚገነባውን ሰፈር፣ የገደለው ሙቀት ነው። መግደል የጀመረው ደግሞ ምግቡ ካለቀበት ቀን ብዙ ቀደም ብሎ፣ ሁሉም ነገር ሰላም በሚመስልበት ጊዜ ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። ጌሙን የሠራው ክላይ ኢንተርቴይንመንት የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው። ሙሉው ጌም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዱፕሊካንት የሚባሉ ሦስት ፍጡራን፣ ተጫዋቹ ዱፖች ነው የሚላቸው፣ አስትሮይድ በሚባል የሕዋ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። እናንተ ታስቆፍሯቸዋላችሁ፣ አየር ታዘጋጁላቸዋላችሁ፣ ምግብ ታስተክሏቸዋላችሁ። ስክሪኑ በትናንሽ ካሬዎች የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ካሬ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ። ጌሙ ደግሞ የእያንዳንዱን ካሬ ዲግሪ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለማቋረጥ ያሰላል። ኮሎኒው ባደገ ቁጥር ላፕቶፓችሁ የሚንቀራፈፍበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ስሌት ነው።

ታዲያ ሙቀትን ለምን እንንቀዋለን? ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው፣ ሕዋ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ብርድ መሆኑ ነው። እውነታው ሌላ ነው። አንድን ነገር አየር ወይም ውሃ ነክቶት ሙቀቱን ሲወስድለት ነው ቶሎ የሚበርደው። ባዶ ሕዋ ውስጥ የሚነካው ነገር የለም። ሙቀት የሚወጣው በጨረር መልክ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ሰፊ መልቀቂያ ገጽ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ፀሐይ የሚያርፍበት ጎኑ ወደ 121 ዲግሪ ይሞቃል፣ ጥላው ደግሞ ከዜሮ በታች 157 ይደርሳል፤ ያም ሆኖ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የሚያመነጩት ሙቀት በራሱ አይወጣም። አሞኒያ በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ሰብስቦ ውጭ ወደተዘረጉት ትላልቅ የጨረር መልቀቂያ ሰሌዳዎች ያደርሰዋል። ያ ቢቆም ጣቢያው ውስጥ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ የጌሙ መነሻ ሐሳብ ትክክል ነው፤ በሕዋ ውስጥ የታሸገ ቤት የመጀመሪያ ራስ ምታቱ ሙቀት ነው።

ሁለተኛው፣ እኛ አዲስ አበቤዎች መሆናችን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፣ የዓመቱ አማካይ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል፣ ሲበርድ ጋቢ ይደረባል፣ አለቀ። አብዛኛው ቤት ኤሲም ማሞቂያም የለውም። ሙቀት የሚያመላልስ ማሽን ቤቱ ውስጥ ሳያይ ያደገ ሰው፣ መስኮት በሌለበት ቤት ውስጥ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ለመጠየቅ ልምዱ የለውም። ይሄ ግን እየተለወጠ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ በመስታወት የተለበጡትን ረጃጅም የባንክ ሕንፃዎች ተመልከቱ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ፊቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ኤሲ ይገጠማል። ኤሲው ሙቀቱን አያጠፋውም። ከቢሮው አንስቶ ውጭ በተሰቀለው ሳጥን በኩል ወደ ጓሮ ይተፋዋል። በሳጥኑ ፊት ለፊት ያለፈ ሰው ፊቱን የመታውን ትኩስ አየር ያውቀዋል፤ ያ አየር ከደቂቃ በፊት የቢሮው ሙቀት ነበር፣ የሞተሩም ሙቀት ተጨምሮበታል።

አስትሮይድ ውስጥ ግን ጓሮ የለም። ጌሙን ለመረዳት ይህቺን ይዞ መነሳት በቂ ነው። ብርድ የሚመረት ነገር አይደለም፤ ያለው ሙቀትን ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ብቻ ነው። «እዚያ» የሚለው ቦታ የት እንደሆነ ያልወሰነ ተጫዋች ኮሎኒው የሚያልቅበትን ቀን እየጠበቀ ነው።

ዲግሪ ሌላ፣ ሙቀት ሌላ

አዲስ ተጫዋች የሚያየው ዲግሪውን ነው። ኤፍ 3ን ሲጫን የሙቀት ካርታው ይመጣል፣ ቀይ ያየበት ቦታ ይደነግጣል፣ አረንጓዴ ያየበት ይረጋጋል። ይሄ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነገሮች እኩል ዲግሪ ላይ ሆነው የያዙት የሙቀት ብዛት የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ሽሮ በሸክላ ድስት ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሆኖም ይንተከተካል፤ እዚያው እሳት ላይ የነበረው ስስ የብረት ክዳን ግን ወዲያው በእጅ ይያዛል። ሸክላውና ሽሮው ብዙ ሙቀት ቋጥረዋል፣ ክዳኑ አልቋጠረም።

ጌሙ ይህንን በቁጥር ይነግራችኋል። የሙቀት መለኪያው ዲቲዩ ይባላል። 1 ግራም ውሃ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 4.179 ዲቲዩ ይፈልጋል። ኦክስጅን 1.005 ይበቃዋል። ሃይድሮጅን 2.4፣ ፔትሮሊየም 1.76። ወርቅ 0.129 ብቻ። ውሃ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ ትንሽ ዲግሪ ብቻ ያሳያል ማለት ነው። ውሃ ለማቀዝቀዝ የሚከብደውም፣ ሙቀት ለማጓጓዝ የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ገዳዩ እንምጣ። መካከለኛ ኮሎኒ አየር የሚያገኘው ከኤሌክትሮላይዘር ነው። ይህ ማሽን በሰከንድ 1 ኪሎ ውሃ ይወስድና 888 ግራም ኦክስጅንና 112 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል። ስምንት ዱፖችን ያኖራል፣ ተወዳጅ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚያወጣው ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ በሰከንድ 1,250 ዲቲዩ። ጉዱ ያለው ከሚያወጣው ጋዝ ላይ ነው። ኦክስጅኑ የሚወጣው ቢያንስ 70 ዲግሪ ሆኖ ነው፣ የገባው ውሃ የቱንም ያህል ቀዝቃዛ ቢሆን። ያ ኦክስጅን ወደ 25 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ በየሰከንዱ 40 ሺህ ዲቲዩ የሚጠጋ ሙቀት ግድግዳችሁ፣ ወለላችሁና እርሻችሁ ላይ ያራግፋል። ለማነጻጸር፣ ሁሉም ሰው በሙቀት የሚያማው የከሰል ጄኔሬተር የሚያወጣው በሰከንድ 9 ሺህ ነው። ሰዎች ጄኔሬተሩን አርቀው በወፍራም ግድግዳ ያጥሩታል፣ ከዚያ ከእሱ ከአራት እጥፍ በላይ የሚያሞቀውን ኦክስጅን በቱቦ አድርገው ቀጥታ መኝታ ቤት ያስገቡታል።

ይሄ ሁሉ ሙቀት ታዲያ ለምን ቶሎ አይታይም? ድንጋዩ ስለሚውጠው ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን አንድ የአሸዋ ድንጋይ ካሬ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 800 ሺህ ዲቲዩ ይፈልጋል። የጌሙ አንድ ቀን 600 ሰከንድ ነው። አንድ ኤሌክትሮላይዘር ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 24 ሚሊዮን ዲቲዩ ገደማ ይለቃል። ዙሪያችሁን መቶ ያህል እንዲህ ያለ ካሬ አለ ብትሉ፣ በቀን 0.3 ዲግሪ ነው የሚጨምረው። ማንም አያየውም። በ50 ቀን ግን 15 ዲግሪ ይሆናል። በ22 የጀመረው ቤት 37 ገባ። ሚልዉድ የሚባለው የመጀመሪያው የምግብ ተክል ደግሞ ማደግ የሚችለው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ብሪስል ብሎሰም የሚባለው ሌላው የምግብ ተክል ላይም ጣሪያው ያው 30 ነው። ምግቡ «በሆነ ምክንያት» የቆመው እንዲህ ነው።

በዚያን ሰዓት የሚደረገው ነገር ሁሉ ያባብሳል። ተጨማሪ እርሻ ይተከላል፣ ለእርሻው ተጨማሪ ውሃ በፓምፕ ይሳባል፣ ለፓምፑ ተጨማሪ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ተጨማሪ ባትሪ። ሁሉም ይሞቃል። ተራው ባትሪ እንኳ ዝም ብሎ ቆሞ በሰከንድ 1,250 ዲቲዩ ያወጣል። (ስማርት ባትሪ 500 ብቻ ነው፤ ሪሰርቹን እንደጨረሳችሁ ቀይሩት።)

መከለል ጊዜ ይገዛል፣ መፍትሔ አይሆንም

ሙቀት ከካሬ ወደ ካሬ የሚያልፍበት ፍጥነት እንደ ዕቃው ይለያያል። አሉሚኒየም 205 አካባቢ ነው፣ መዳብ 60፣ ግራናይት 3.39፣ የአሸዋ ድንጋይ 2.9፣ ሴራሚክ 0.62። ቁጥሩ ሲያንስ ሙቀቱ ይዘገያል። አቢሳላይት የሚባለው፣ የአስትሮይዱን ክፍሎች እርስ በርስ የሚለያየው ድንጋይ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም፣ 0.00001። አትንኩት። ብዙ ሰው መንገድ ለማሳጠር ብሎ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ በዚያ ቀዳዳ የሚገባውን ሙቀት የሚያስተውለው ውሎ አድሮ ነው።

ሙቀት ከሚከለክሉ ጡቦች የተሠራ ግድግዳ ጥሩ ነው፣ በተለይ ከሴራሚክ ከሆነ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ባዶ ቦታ ነው። አየር ፈጽሞ የሌለበት ካሬ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዜሮ። ሁለት ግድግዳ ሠርታችሁ በመካከላቸው ያለውን አየር በፓምፕ ብታወጡ የትኛውም ውድ ዕቃ አይስተካከለውም።

ሆኖም ክለላ ሙቀቱን እንደማያጠፋው አስተውሉ። ጄኔሬተሩን ብታጥሩት ሙቀቱ ከውስጥ ይጠራቀማል፣ ጄኔሬተሩ መጠኑን አልፎ ይሞቃል፣ ይበላሻል። እዚህ ጋ ነው ብዙ መመሪያ የሚያጭበረብረው። «ከልሉት» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ አይናገርም።

በመጀመሪያው ጊዜ ያሉት ማቀዝቀዣዎችም ያው አቅማቸው ውስን ነው። ዊዝዎርት የሚባለው ተክል የሚያልፍበትን ጋዝ በ5 ዲግሪ ያቀዘቅዛል። ሃይድሮጅን ውስጥ ከተከላችሁት በሰከንድ 12 ሺህ ዲቲዩ ያጠፋል፣ ኦክስጅን ውስጥ ከሆነ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሃይድሮጅን የበለጠ ሙቀት ስለሚሸከም ነው። ከጥንት ፍርስራሽ ጋር የሚገኘው ቴርሞ ናሊፋየር የሚባል ማሽን በሰከንድ 10 ግራም ሃይድሮጅን እየበላ 80 ሺህ ዲቲዩ ያጠፋል፤ ካገኛችሁት ሁለት ኤሌክትሮላይዘር ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ዕድል ነው። ግን መሥራት አትችሉም፣ ያለበት ቦታ ድረስ ቱቦ መዘርጋት ነው ያለው። የበረዶው ክፍልም አለ። እሱ እንደ ቁጠባ ነው፤ ካወጣችሁት ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት በነጻ የሚገኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍል ውሃ አግኝታችሁ ከሆነ፣ 95 ዲግሪ ውሃ የሚተፋው ማለቴ ነው፣ ውሃውን ለኤሌክትሮላይዘር ከመስጠታችሁ በፊት አታቀዝቅዙት። እንዳለ ስጡት። አንድ ኪሎ ውሃ ከ95 ወደ 25 ለማውረድ 292 ሺህ ዲቲዩ ማስወጣት ይጠይቃል። ያው ውሃ ወደ ጋዝ ከተለወጠ በኋላ ግን፣ ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም ከውሃ በጣም ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከሙ፣ ጋዙን ከ95 ወደ 25 ማውረድ 81 ሺህ ነው የሚፈልገው። የቀረው ከ200 ሺህ በላይ ሙቀት ማሽኑ ውስጥ ጠፋ። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ዓይነት ነገር የለም፤ በጌሙ ግን አለ፣ ተጠቀሙበት። ብዙ ሰው ኤሌክትሪኩን የሚጨርሰው ይህንን ውሃ በማቀዝቀዝ ነው፣ ያሳዝናል።

አኳቱነርና ተርባይን

ጌሙን ጌም የሚያደርገው ይሄ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አኳቱነር ከኤሲው ጋር አንድ ነው። በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ፣ በሰከንድ እስከ 10 ኪሎ፣ በ14 ዲግሪ ያወርድና የወሰደውን ሙቀት በሙሉ ራሱ ላይ ያደርጋል። 1,200 ዋት ይበላል። የሚገርመው፣ የሚያወርደው ሁልጊዜ 14 ዲግሪ ነው፣ ፈሳሹ ምንም ይሁን ምን። ኤሌክትሪኩም ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ሙቀት የሚሸከም ፈሳሽ ካሳለፋችሁበት በዚያው ኤሌክትሪክ ብዙ ሙቀት ታስወጣላችሁ። በፔትሮሊየም በሰከንድ 246 ሺህ ዲቲዩ ያነሳል። በውሃ 585 ሺህ። መጨረሻ ላይ በሚገኘው ሱፐር ኩላንት 1.18 ሚሊዮን። የቆሸሸ ውሃ ከንጹሑ እኩል ይሸከማል፣ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 እስኪደርስ አይረጋም፣ እስከ 119 ድረስም አይፈላም። በመካከለኛው ጊዜ ከእሱ የተሻለ የለም፣ የማንም መጸዳጃ ቤት ደግሞ በነጻ ያመርተዋል።

አሁን አኳቱነሩ ራሱ ጋለ። ጓሮ የለንም ብለናል። ለዚህ የተሠራው ነገር ስቲም ተርባይን ነው። አኳቱነሩን ሙቀት በማያሳልፍ ጡብ በታጠረ ክፍል ውስጥ ታስቀምጡና ትንሽ ውሃ ታፈሱበታላችሁ። ውሃው በአኳቱነሩ ሙቀት ይፈላል። (እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እዚያ ግን ከፍታም ግፊትም ለውጥ አያመጣም፣ 99.35 ነው፣ ጥቂት ዲግሪ አለፍ ሲል ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በእውነቱ ዓለም 1 ግራም ውሃ ከፈላ በኋላ ተንኖ ለማለቅ 2,257 ጁል ተጨማሪ ይወስዳል፤ ጌሙ ያንን ሒሳብ ጨርሶ ትቶታል።) ከክፍሉ በላይ የተቀመጠው ተርባይን 125 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት ሲያገኝ ከሥር በአምስት ቀዳዳ ይስበዋል፣ ኤሌክትሪክ ያመርታል፣ በሌላ በኩል 95 ዲግሪ ውሃ አድርጎ ይመልሰዋል። በእንፋሎቱና በ95 መካከል ያለው ሙቀት ጠፋ። ጓሮው ይሄው ነው።

ሒሳቡ ያምራል። እንፋሎቱ 200 ዲግሪ ሲሆን አንድ ተርባይን በሰከንድ 877 ሺህ ዲቲዩ ይወስዳል፣ 850 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ ቢሞቅ ኤሌክትሪኩ አይጨምርም። አንድ አኳቱነር በውሃ ሲሠራ 585 ሺህ ስለሚያመጣ አንድ ተርባይን አንድ ተኩል አኳቱነር ይችላል ማለት ነው። አኳቱነሩ 1,200 ዋት ይበላል፣ ተርባይኑ ከዚያ ላይ ወደ 570 ይመልስላችኋል። መላውን ኮሎኒ የማቀዝቀዣው ዋጋ ከ650 ዋት በታች ሆነ። የከሰል ጄኔሬተር 600 ነው የሚሰጠው፣ እናንተው አስቡት።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ልክ ሆኖ እያለ ተርባይኑ ካልሠራ መጀመሪያ ተርባይኑን ራሱን እዩት። ከሚወስደው ሙቀት አንድ አሥረኛው ገላው ላይ ይቀራል፣ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ አኳቱነሩ ያቀዘቀዘው ፈሳሽ መጀመሪያ በተርባይኑ ጀርባ ማለፍ አለበት። ቱቦው ሙቀት በደንብ የሚያሳልፈው፣ ራዲያንት የሚባለው ይሁን። ከዚያ ወጥቶ በሚከለክል ቱቦ ይጓዝና እርሻው ጋ ሲደርስ እንደገና ራዲያንት ይሆናል። ሁለተኛ፣ እንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ከመዝጋታችሁ በፊት የነበረ ኦክስጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ የተርባይኑን ቀዳዳዎች ይይዛል፤ በፓምፕ አውጡት። ሦስተኛ፣ አኳቱነሩን ከስቲል ሥሩት። ስቲል እስኪገኝ መታገስ ይሻላል፣ በሌላ ብረት ከሠራችሁት እንፋሎቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይበላሽባችኋል፤ እዚያ ክፍል ገብቶ የሚጠግን ዱፕ ደግሞ ተቀቅሎ ነው የሚወጣው።

አራተኛው ብርዱ ነው። አኳቱነሩ 14 ዲግሪ ያወርዳል ካልን፣ 10 ዲግሪ ሆኖ የገባ ንጹሕ ውሃ ከዜሮ በታች 4 ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆነ። ቱቦው ተሰነጠቀ። ቀዝቃዛው መስመር ስለተቆረጠ ተርባይኑ ይሞቃል፣ ይቆማል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይወድቃል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከአኳቱነሩ በፊት ቱቦው ላይ የሙቀት ሴንሰር ታስቀምጡና ውሃው ከ18 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብቻ አኳቱነሩ እንዲሠራ ታዛላችሁ። ከዚያ በታች ሲሆን ውሃው አኳቱነሩን ሳይነካ በጎን እንዲያልፍ ሌላ መንገድ ይኑረው። በቆሸሸ ውሃ ከሆነ እስከ ዜሮ ድረስ ብታወርዱት እንኳ ችግር የለውም፤ ለእርሻ ግን ያን ያህል አያስፈልጋችሁም።

ብርዱ ሲበዛስ?

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፍሮስቲ ፕላኔት ፓክ የሚባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ነገሩን ገልብጦታል። የምትጀምሩት ሁሉም ነገር በረዶ በሆነበት አስትሮይድ ላይ ነው። ውሃ ለማግኘት በረዶ ማቅለጥ አለባችሁ፣ ዱፖቹም ይበርዳቸዋል። እንጨት ተቃጥሎ ይሞቃል። ብዙ ተጫዋች ይሄን ከባድ አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። በረዶ ላይ መጀመር ከሌላው ይልቅ ለስህተት ይቅር ባይ ነው፤ በሌላው አስትሮይድ ቁርሳችሁን የሚበላው የኤሌክትሮላይዘር ሙቀት እዚህ በነጻ የተገኘ ማሞቂያ ነው። ያንኑ 70 ዲግሪ ኦክስጅን ቀጥታ መኝታ ቤት አስገቡት፣ ማንም አይከፋም። የሚያስቸግረው ምግቡ ላይ ነው። ስሊት ዊት የሚባለው ስንዴ ማደግ የሚችለው ከዜሮ በታች 55 እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ነው፣ ዱፖቹ ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቤቱንና እርሻውን በክለላ መለየት ከመጀመሪያው ቀን ግድ ይሆናል። በረዶው ሰፊ ስለሆነም የሙቀቱ ሒሳብ ዘግይቶ ነው የሚመጣው እንጂ አይቀርም።

በጨረፍታ ሪምወርልድ የሚባለውን ሌላ የኮሎኒ ጌምም ላንሳ፣ ከዚህኛው ይልቅ እሱን የሚያውቅ ብዙ ነውና። እዚያ አንድ ክፍል በሙሉ አንድ ዲግሪ ነው ያለው፣ የካሬ ስሌት የለም። ማቀዝቀዣው ሰማያዊ ጎንና ቀይ ጎን አለው፤ ቀዩን ወደ ውጭ ማዞር ብቻ ነው። ልብስ የሌለው ሰው ከ16 እስከ 26 ዲግሪ ይመቸዋል። ቀዩን ጎን ጣሪያ ወዳለው ኮሪደር ያዞረ ሰው ግን ኮሪደሩን ምድጃ ያደርገዋል። ሕጉ ያው ነው፣ ሪምወርልድ ግን ሰማይ ሰጥቷችኋል፣ ስለዚህ ይቅር ይላል።

ሙቀቱ ነዳጅ ሲሆን

ተርባይኑ ከተሠራ በኋላ የሙቀት ካርታው ትርጉም ይቀየራል። ድሮ የምትሸሹት ቀይ ቦታ የኤሌክትሪክ ምንጭ ይሆናል። እሳተ ገሞራ 1,727 ዲግሪ የሆነ ማግማ ይተፋል፤ ማግማው ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፣ ያ ድንጋይ የቋጠረውን ሙቀት ቀስ እያደረጋችሁ ለእንፋሎት ክፍሉ ብትሰጡት ለብዙ ቀን ተርባይን ያዞራል። ቁልፉ «ቀስ» የሚለው ላይ ነው። ማግማውን አንዴ ውሃው ላይ የለቀቀ ሰው ክፍሉንም ተርባይኑንም ያጣል። ስለዚህ በማግማውና በውሃው መካከል የሚከፈትና የሚዘጋ ድልድይ ይሠራል። በባዶ ቦታ መካከል የቆመ የብረት በር በቂ ነው። ሲዘጋ ሙቀት በብረቱ ያልፋል፣ ሲከፈት መካከሉ ባዶ ስለሚሆን ይቋረጣል። በእንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሴንሰር 200 ዲግሪ ሲያነብ በሩን ይከፍተዋል።

ከእንፋሎት ምንጮቹ መካከል ግን አንዱ ያታልላል። ቀዝቃዛው የሚባለው ምንጭ 110 ዲግሪ እንፋሎት ነው የሚሰጠው። ተርባይኑ 125 ይፈልጋል። ከላዩ ላይ ተርባይን ሠርታችሁ ብትጠብቁ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ግፊቱ ብቻ እየጨመረ ሄዶ ምንጩ ይታፈናል። አኳቱነራችሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ክተቱት። ከኮሎኒው ያነሳው ሙቀት የቀረውን 15 ዲግሪ ይሞላዋል፣ ተርባይኑ ይነሳል፣ የሚወጣው 95 ዲግሪ ውሃ ደግሞ ቅድም እንዳልኩት ሳይቀዘቅዝ ቀጥታ ወደ ኤሌክትሮላይዘር ይሂድ። ትኩሱን ምንጭ፣ 500 ዲግሪ የሚተፋውን፣ ለኋላ አቆዩት፤ እሱ ከአንድ በላይ ተርባይንና ብዙ ስቲል ይፈልጋል።